ነፋሳችንን እንለካው

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ የፈተና ወረቀት በስልክ ባትሪ ሳርም ያሰብኩትን ነው የምጽፈው።

ጋሸና ላይ መኪና ቆሞ የጠበቀ ሰው የደጋችንን ነፋስ አይረሳውም፤ ጋቢህን ካልያዝከው ይዞት ይሄዳል። ገበሬው ግን ድሮም ሥራ ያሠራዋል። በበጋ አውድማ ላይ ምርቱን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ገለባውን ከፍሬው የሚለይለት ነፋሱ ነው። እኛ የተማርነውስ ምን አደረግንበት?

አገራችን ሥራውን አታውቀውም እንዳይባል፣ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ደግሞ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ተገንብተዋል። ኃይላቸው ወደ ብሔራዊው ቋት ይገባል። ጥሩ ነው። ጭንቁ ከሩቅ የሚመጣው መስመር ሲቋረጥ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ላሊበላ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ኖራለች። ወፍጮ ቤቱ ዝም ሲል እናቴ ጓዳ ጥላው የነበረውን ወፍጮና መጅ አውጥታ ስትፈጭ እጇ ተልጦ አይቻለሁ። መስመሩ ጭራሽ ላልደረሰባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ይሄ የዘወትር ኑሮ ነው።

የኔ ሀሳብ ይሄ ነው፦ ለጥቂት ቀበሌዎች ወፍጮ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት የሚበቃ አነስተኛ የነፋስ ማመንጫ ይተከል። ነፋስ ያርፋልና ከሶላርና ከባትሪ ጋር ይቀናጅ።

ግን ዝም ብሎ መትከል አይሆንም። ክፍል ውስጥ እንዳስተማርኳችሁ የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛውን ኮረብታ መምረጥ ትልቅ ለውጥ አለው። በሌላ በኩል 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በዚያው ፍጥነት የሚገኘው ጉልበት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። «እዚህማ ነፋስ ሞልቷል» ማለት ብቻ አይበቃም። በመጀመሪያ ክረምት ከበጋ አንድ ሙሉ ዓመት መለካት አለበት።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ሪባን ተቆርጦለት፣ አንድ ዕቃ ሲሰበር የሚጠግነው ጠፍቶ የቆመ የውሃ ፓምፕ ያላየ አለ? ዴንማርክ ውስጥ ሳምሶ በምትባል ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በየብስ ላይ ከተተከሉት 11 ተርባይኖች አብዛኞቹን የገዙት የደሴቲቱ ገበሬዎች ናቸው፤ የቀሩትን ነዋሪው በአክሲዮን ያዛቸው። የራሱ የሆነን ነገር ሰው ቆሞ አያየውም። እኛም ዕድርና ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ልጆች ጥገና ይሠልጥኑ፣ ወፍጮ ቤቱ ከሚያስገባው ላይ ለመለዋወጫ ይቀመጥ።

ኢንጂነሪንግ ያጠናችሁ ልጆቼ፣ ይሄ ጥያቄ ለናንተ ነው። የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ስንት ያወጣል? ማንን ነው የምንጠይቀው? የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ፤ እኔም ስንት ዘመን ሳርማችሁ ኖሬያለሁ። ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።