ከመድረክ የወረደ ቴአትር የት ይገባል?

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር የሥራ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቴአትሮች ከመድረክ ሳይወርዱ እንዲቀረጹ፣ የቀደሙትም ተመልሰው እንዲታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአዳራሻችሁ ብዙ ደስታ ያገኘሁ ተመልካች ሆኜ ነው። ከአንበሳው ሐውልት ወዲህ ተሰልፌ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ከሥራ ወጥቼ እህል ሳልቀምስ ወደ ወንበሬ ሮጫለሁ። መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማኝ ነገር ዛሬም አልቀነሰም።

«ባቢሎን በሳሎን» ለዓመታት ከመድረክ ሳይወርድ ሲታይ፣ ደጋግመው ከሚመለከቱት አንዱ ነበርኩ። በኋላ በኋላ ተመልካቹ ንግግሩን ከተዋናዩ እኩል ስላወቀው ሳቁ ከቃሉ ይቀድም ነበር። ተዋንያኑ ይህን ያውቃሉ። ሳቁ እስኪበርድ ይታገሣሉ፤ አለዚያም ሰው በለመደበት ቦታ ዝም ብለው፣ ጥቂት አዘግይተው ይናገሩትና አዳራሹ እንደገና ይናወጣል። ይህ በድርሰቱ ላይ አልተጻፈም። በዚያች ምሽት በተዋናዩና በተመልካቹ መካከል የተፈጠረ ነው፤ በማግስቱ ያው ቴአትር ሌላ መልክ ነበረው።

«የቃቄ ወርድዎት»ን ባየሁበት ቀን ደግሞ ከጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። በጋብቻ ጉዳይ ለሴቶች መብት የተነሣችው የጉራጌዋ ወርድዎት በመድረኩ ላይ መናገር ስትጀምር፣ እኚህ እናት በጉራጊኛ ይመልሱላት ጀመር። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ እየቆየ ድምፃቸው ከፍ አለ። ማንም «ዝም ይበሉ» አላላቸውም። ጭፈራው ሲደርስ የከበሮው ምት በወለሉ በኩል እግራችን ድረስ ይመጣ ነበር። ስለ ወርድዎት የተጻፈ ነገር ቀደም ብዬ አንብቤያለሁ፤ እንደ ሰው፣ እንደ እህት ያወቅኋት ግን ያን ዕለት ነው።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቴአትር ትማራለች። የጸጋዬ ገብረመድኅንን «ሀ ሁ በስድስት ወር» አንብባለች፤ የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ከነቃለ ተውኔቱ ታውቀዋለች። «አጎቴ፣ እንዴት ነበር የሚሠሩት?» ብላ ስትጠይቀኝ ስላየኋቸው ተዋንያን ተነሥቼ እየቆምኩ፣ ድምፄን እየለዋወጥኩ ላስረዳት እሞክራለሁ። እሷ የምትፈልገው ግን የእኔን ትዝታ አይደለም፤ ሥራውን ራሱን ነው። ሥዕል የሚማር ልጅ ሥዕል ያያል፤ ሙዚቃ የሚማረውም የድሮውን ዘፈን ከፍቶ ያዳምጣል። የቴአትር ተማሪ ግን ከእሱ በፊት የሠሩትን በወሬ ብቻ እንዲያውቅ መተው የለብንም።

ወጋየሁ ንጋቱን አስቡት። ካረፈ በኋላ የተወለደ ወጣት ሳይቀር ድምፁን ያውቀዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስለተቀረጸ፣ ስንቶቻችን ጉዱ ካሣን የምንሰማው በእሱ አንደበት ነው። ይኸው ሰው ታላቅ የመድረክ ተዋናይ ነበር። በመድረክ ላይ እንዴት ይራመድ እንደነበር፣ ዝም ሲል አዳራሹን እንዴት ይዞ ያቆይ እንደነበር የሚነግሩን ግን በቦታው የተገኙት ናቸው፤ እነሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው። ተዋናዩ ፍቃዱ ተክለማርያም በ2010 ዓ.ም. ሲያርፍ ከሐዘኑ ጋር ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

መድረካችሁ በ1948 ዓ.ም. በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ከተከፈተ 70 ዓመት ሆነው። የዚህን ሁሉ ዘመን ሥራ መመለስ አይቻልም። ከእንግዲህ የሚሠራውን ማቆየት ግን በእጃችሁ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ማንኛውም ቴአትር ከመድረክ ከመውረዱ በፊት ሙሉውን፣ ከነተመልካቹ ሳቅና ጭብጨባ እንዲቀረጽ ነው። ከአዳራሹ ኋላ በቆመች አንዲት ካሜራ ብቻ አይሁን፤ የተዋናዩ ፊት መታየት አለበት። የአዘጋጁ ማስታወሻ፣ የመድረክ ንድፉ፣ ፖስተሩና የአልባሳቱ ፎቶግራፍ አብረው ይቀመጡ። በመጋዘን የተቀመጠ የቆየ ቴፕ ካለም ሳይበላሽ ወደ ዲጂታል ይገልበጥ።

«ከተቀረጸ ማን ትኬት ይገዛል?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ቴአትር ቤትም ተዋናይም በትኬት ነው የሚኖሩት። በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የመድረክ ሥራዎች እየተቀረጹ ይቀመጣሉ። አይሸጡም፣ በቴሌቪዥንም አይለቀቁም፤ ሊያጠና የፈለገ ሰው እዚያው ቤት ሄዶ ያያቸዋል። እኛም ቢያንስ ከዚህ መጀመር እንችላለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ ስለዚህ ፈቃዱም ክፍያውም አስቀድሞ በውል ይታሰር። ተዋናዩ ሳይጠየቅ የሚቀረጽ ሥራ አልፈልግም።

የተቀረጸ ቴአትር ቴአትሩን አይተካም። በእናትየውና በወርድዎት መካከል የሆነውን ነገር ካሜራ ሙሉ በሙሉ አይዘውም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ልመና የማቀርበው፦ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ የቆየ ተውኔት በአዲስ ተዋንያንና በአዲስ አዘጋጅ ወደ መድረክ ይመለስ። እኔ ብጠየቅ ከመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» እጀምር ነበር። ማን ከማን ይጋባ የሚለው ክርክር ዛሬም በየቤታችን ስላለ ወጣቱ አይከብደውም፤ የሚያስቅም ነው። ጸጋዬ የተረጎመውን «ሐምሌት» ደግሞ አስከትላለሁ፤ ያ አማርኛ ጮክ ተብሎ እንዲነገር የተጻፈ ስለሆነ በገጽ ላይ ብቻ ሲቀር ይቆጨኛል። የድሮዎቹን ሲሠሩ ያዩ አንጋፋ ተዋንያን በልምምዱ ላይ ተጋብዘው ለወጣቶቹ የሚያውቁትን ቢያካፍሉ፣ መጽሐፍ የማይሰጠው ትምህርት ይሆናል።

በጀት እንደሚያጥራችሁ፣ አዲስ ቴአትር ማዘጋጀቱ ብቻውን ከባድ ሸክም እንደሆነ እረዳለሁ። ለመጀመር ግን አዲስ ሕንፃም አዲስ መምሪያም አያስፈልግም። አሁን በመድረክ ላይ ካሉት ቀድሞ የሚወርደው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደራሲውንና ተዋንያኑን አስፈቅዳችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምሽቶች ቅረጹ፤ ተመልካቹም እንዲገኝ አስቀድማችሁ በሬዲዮ አስነግሩ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የቴአትር ወዳጅ