ስለ እንዝርትና ስለ ብርዕ

ልጆች ሆይ፤ ሰው ለመብላትና ለመጠጣት ብቻ አይኖርም። እጁም የሚወደውን ሥራ ይሻል። ከእናንተ አንዱ ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ይነፋል፤ አንዱ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬና ፈረስ ያበጃል፤ አንዲቱም ከእናትዋ አጠገብ ተቀምጣ በስንደዶና በአክርማ ሙዳይ ትሰፋለች። ይህን ሁሉ ማንም ሳያዝዛችሁ፥ ዋጋም ሳትቀበሉበት ትሠሩታላችሁ። ይህ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። እጅ የወደደውን ሲሠራ ልብ ያርፋልና።

ሆኖም እጅ የሚወደው ሥራ አንዳንድ ጊዜ ዓይንን ይጋርዳል። ይህንን የማውቀው ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ደርሶብኝ ነው። ስለዚህ እንደ ሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

እኔ የተወለድሁት በመንዝ ነው። አገሩ ደጋ ነው፥ ብርዱም ጽኑ ነው። ስለዚህ የመንዝ ሰው በጎቹን ሸልቶ ጠጉራቸውን ያጥባል፥ በደጋንም ይነድፈዋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔም ባና አድርጎ ይሠራዋል። ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ለብርድ ይለበሳል። እናቴ ይህን ጠጉር ከልጅነትዋ ጀምራ ስትፈትል አረጀች። እንዝርቱን በጭንዋ ላይ አሽታ ስትለቀው ክሩ አንድም ቦታ ሳይወፍር፥ አንድም ቦታ ሳይቀጥን እኩል ሆኖ ይወጣ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ በዚያው በመንደራችን ብቻዋን ተቀመጠች።

እኔ ግን መምህር ሆኜ በደብረ ብርሃን ከተማ እኖራለሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የምወደው ሥራ ቁም ጽሕፈት ነው። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሬ እፍቃለሁ፤ ብራናውም ሲደርቅ በወስፌ ወግቼ መስመር አወጣለታለሁ፤ ከዚያም የመቃ ብርዕ ቀርጬ በጥቁርና በቀይ ቀለም እጽፋለሁ። ዛሬ በማተሚያ መኪና በአንድ ቀን ስፍር ቍጥር የሌለው ገጽ ይታተማል። እኔ አንዲቱን ገጽ በብዙ ሰዓት እጨርሳለሁ። ቢሆንም እጄ ይህን ይወዳል።

ዘመዶቼ፥ «እናትህ ደክማለችና ወደ አንተ አምጣት» ብለው መከሩኝ። እኔም፥ «እሺ፤ ይህን ጥራዝ ልጨርስና እሄዳለሁ» አልሁ። ጥራዙ አለቀ፤ ሁለተኛውን ጀመርሁ። ሁለተኛውም አለቀ፤ ክረምት ገባ። ክረምቱም አለፈ፥ መስከረም ጠባ። በጥቅምት ወር ከመንደራችን አንድ ሽማግሌ ለገበያ መጥተው ከቤቴ ገቡ። ብራናውን በእጃቸው አንሥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ጽሕፈትህ ያማረ ነው፥ ልጄ» አሉኝ። ጥቂትም ዝም ብለው ቈዩና፥ «እናትህ ውሃ ስትቀዳ ወድቃ ነበር። አሁን ደኅና ናት፤ ውሃዋን እኛ እየቀዳንላት ነው» አሉ።

አልተቈጡኝም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጆች ሆይ፤ ቀድሞ ስለ መንደር ኑሮ የነበረኝን ሐሳብ ልግለጽላችሁ። ለቅሶ መድረስ፥ ማኅበር መጠጣት፥ ደቦ መውጣት ጊዜ የሚያጠፋ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከመንደሬ የለቅሶ መልእክት ሲመጣ ሥራ በዝቶብኛል እያልሁ የቀረሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። እነዚያ እኔ ያልደረስሁላቸው ጎረቤቶች ግን ለእናቴ ደረሱላት። እኔ በብዕሬ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ የእናቴን እንስራ የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ በለቅሶና በደቦ የሚያልፈው ሰዓት የጠፋ ሰዓት አለመሆኑን ያን ቀን ተማርሁ።

በማግሥቱ ወደ መንዝ ሄድሁ። እናቴ ግን በቶሎ እሺ አላለችም። «እዚህ ውሃ የሚቀዱልኝ አሉ፤ እዚያ ማን አለኝ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ለመንኋት፤ ሽማግሎችም ለመኑልኝ። በመጨረሻ እያዘነች ተነሣች። ጎረቤቶችዋም ዕቃዋን ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ ሸኙን። እኔ ዕቃ ስመርጥ አልጋዋን፥ ሣጥንዋንና ድስትዋን ወሰድሁ፤ እንዝርትዋንና በጆንያ ያለውን የበግ ጠጉር ግን ተውሁት። «ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። ከእንግዲህ ለምን ትፈትያለሽ? ዕረፊ እንጂ» አልኋት። እርስዋም ምንም አልመለሰችልኝም።

ከቤቴ ከገባች በኋላ የሚጐድላት ነገር የለም ብዬ አሰብሁ። እንጀራው በሰዓቱ ይቀርብላታል፤ መኝታዋም የሞቀ ነው። እርስዋ ግን ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለች ሄደች። ከገበታውም ጥቂት ቀምሳ ትነሣ ነበር። አንድ ቀን ማታ እኔ ስጽፍ ታናሽቱ ልጄ መጣችና፥ «አባዬ፥ አያቴ እጅዋን በጭንዋ ላይ ለምን ታሻለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘወር ብዬ አየሁ። እናቴ ባዶ እጅዋን በጭንዋ ላይ ታሽ ነበር፤ የሌለውን እንዝርት ታሾር ነበር። በእኔ እጅ ግን ብርዕ ነበረ።

የዚያን ጊዜ አፈርሁ። ለራሴ እጅ የማልነፍገውን ነገር ለእናቴ እጅ ነፍጌ ነበርና።

የአገራችን ሕግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲቀልብ ያዝዛል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ኋላም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህ ተጽፏል። ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያና ልብስ፥ ጤናንም መጠበቅ በእርሱ ውስጥ ይቈጠራሉ። ይህ መልካም ሕግ ነው። እኔም ይህን ሁሉ ፈጽሜ ነበር፤ በዳኛ ፊት ብቆም የሚረታኝ አልነበረም። ስለ እንዝርት ግን በሕጉ አልተጻፈም። የወላጅ ሆድ እንዳይራብ ሕግ ያዝዛል፤ የወላጅ እጅ ባዶውን እንዳይቀር የሚያየው ግን የልጅ ልብ ነው።

በሚከተለው ቅዳሜ ወደ መንዝ ተመለስሁ። ጎረቤታችን ሴትዮ እንዝርቱን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችኝ። «ትመለስበታለህ ብዬ አስቀምጬው ነበር» አለችኝ። ጠጉሩንም በጆንያው እንዳለ ተሸክሜ መጣሁ።

አሁን ማታ ማታ በአንድ ክፍል እንቀመጣለን። እናቴ ትፈትላለች፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ልጄም በመካከላችን ሆና አንድ ጊዜ ክር፥ አንድ ጊዜ ፊደል ትማራለች። እናቴ መነሣት ስትሻ ብርዕን አኑሬ እደግፋታለሁ። የአገር ሰው ለቅሶ ሲደርስበትም ሁለታችን አብረን እንሄዳለን። ስለዚህ መጽሐፌ ዘግይቷል። ወዳጆቼ፥ «ይህን ጊዜ ጨርሰኸው ነበር» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ብራና ይታገሣል፤ ሳይጻፍበት ዓመት ቢያልፍ አይጐዳም። የእናት ዕድሜ እንዲህ አይታገሥም።

እናቴ መንደርዋን ረሳች አልላችሁም። ዛሬም ስለ ምንጩና ስለ ጎረቤቶችዋ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። ይህን ላጠፋላት አልችልም። እጅዋ ግን ባዶውን አያድርም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «እንግዲያስ ብርዕህን ፈጽመህ ጥለህ እናትህን ብቻ ለምን አትረዳም?» ይለኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። እኔ ግን እንዲህ ብዬ አስባለሁ፤ የሚወደውን ሥራ ሁሉ የጣለ ሰው ውሎ አድሮ ያማርራል፤ ያማረረም ሰው ወላጁን ፊቱን አጥቍሮ ያገለግላል። ፊት ተጨፍግጎ የቀረበ እንጀራ ደግሞ ለሽማግሌ ጉሮሮ ይከብዳል። ስለዚህ ብርዕን መጣል አይገባም፤ ቦታውን ማወቅ ነው የሚገባው። ብርዕ ከእናት በኋላ፥ ከጎረቤትም ጥሪ በኋላ ይያዛል፤ ሆኖም ይያዛል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ሦስት ነገር ልብ አድርጉ። እናታችሁ ስትጠራችሁ ዋሽንቱን በመጀመሪያው ጥሪ አስቀምጡ፤ ሦስተኛውን ጥሪ አትጠብቁ። ጎረቤታችሁ ሥራ ሲበዛበት ወይም ኀዘን ሲደርስበት ሂዱ፤ እናንተ በሌላችሁበት ቀን ለቤታችሁ የሚደርስ እርሱ ነውና። አያታችሁ ወይም ወላጃችሁ ከቤት ወደ ቤት፥ ከአገር ወደ አገር የሚዛወሩ ሲሆንም፥ አልጋውንና ሣጥኑን ከመጫናችሁ በፊት፥ «እጅዎ ምን መሥራት ይወዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሩአችሁንም ዕቃ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጫኑ።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ዋሽንታችሁን ንፉ፤ ጭቃችሁንም አበጁ። ማንም አይከለክላችሁም።