አዲሱ ካርድና የቀድሞው አስተርጓሚ

አዲስ ኮምፒዩተር ገዝተው ሊኑክስን ቢጭኑበትና ገመዱ ተሰክቶ ሳለ «ኔትወርክ የለም» ቢልዎ፣ በሻጩ ላይ ከመቆጣትዎ በፊት ድራይቨሩን ይመርምሩ። ድራይቨር ማለት የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉና በዕቃው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፤ ካርዶችንም የሚለየው በያዘው የቁጥር መዝገብ ነው። በመዝገቡ የሌለውን አያናግርም።

«እንግዲያው ቁጥሩን ጨምሮ መገላገል ነዋ!» ይሉ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ እውነትም ይበቃል። የሪልቴክ 8125 የኔትወርክ ካርድ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያዝ አልነበረም። በቀድሞው በ8168 ካርድ፣ በ60 ቁጥር አድራሻ የሚጻፈው ካርዱ ከርነሉን መቼ መቼ እንዲጠራ የሚፈቅድ ትእዛዝ ነበር። በ8125 ፈቃዱ ወደ 56 ተዛወረ፤ በ60 ላይ የተተካው የመጣውን ጥሪ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው፤ ስፋቱም ከ16 ቢት ወደ 32 አደገ። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ ቢጨመር፣ የዋሁ ድራይቨር ፈቃድ የሰጠ እየመሰለው በሰሌዳው ላይ ያለውን ጥሪ «ሰምቻለሁ» ብሎ ይሰርዘዋል። ካርዱም ፈቃድ አልደረሰውምና ዝም ይላል።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. በወጣው ሊኑክስ 5.4 ግን ድራይቨሩ አስቀድሞ የካርዱን ዓይነት ለይቶ ለእያንዳንዱ በየአድራሻው እንዲጽፍ ተደረገ። እኔ በበኩሌ የማደንቀው ይህን ጥንቃቄ ነው፤ አዲሱ ይስተናገድ ተብሎ አሮጌ ካርድ የያዘው ሰው ሥራ አልተቋረጠበትምና።

ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። የሲን ቋንቋ የጀመሩ ተማሪ ከሆኑ፣ አር 8169 የተባለውን ይህንኑ ድራይቨር ፈልገው ከቁጥር መዝገቡ ላይ ማንበብ ይጀምሩ።