«ልጄ ለሁለት ዓመት የት ነው የሚሄደው?»

ባለፈው ስለ ውሃ ወረፋ የጻፍኩት አንዳንዶቻችሁን አስቆጥቷል፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ መንገድ ላይ አስቁማችሁ አመስግናችሁኛል። ሁላችሁም ለዛሬ ታገሡኝ። የዛሬው ጉዳይ ከሰፈራችን ከአንዲት እናት የመጣ ነው። «ጻፈው፣ ስሜን ግን እንዳታነሳ» ብለውኛል።

እኚህ እናት ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ስልካቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ልጃቸው የዛሬ አራት ዓመት ከአክስቱ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ዩታ ወደሚባለው ግዛት የሄደ ነው። አሁን 19 ዓመቱ ነው። የላከውን የድምፅ መልእክት አሰሙኝ። «እማ፣ ለአገልግሎት አመልክቻለሁ። ሁለት ዓመት ነው። የት እንደምሄድ ገና አልታወቀም፤ አትጨነቂ።»

«አንተ መምህር፣ ምን ማለቱ ነው? ወታደር ቤት ገባብኝ እንዴ?»

ወታደር ቤት አይደለም አልኳቸው። ልጁ ሰዎች «ሞርሞን» የሚሏት ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኗል፤ ይህን እሳቸውም ሰምተዋል። ሙሉ ስሟ የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1830 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተች ስትሆን ዋና መሥሪያ ቤቷ እዚያው ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ስለ ትምህርቷ ትክክልነት እዚህ አልከራከርም፤ ይህ አምድ የዚያ ቦታ አይደለም፤ በየብሎኩም በቂ ተከራካሪ አለን። እናትየው የጠየቁኝም ስለ ልጃቸው ኑሮ ነው።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ወጣት ወንዶች ለሁለት ዓመት፣ ሴቶች ለ18 ወር በሚስዮናዊነት ይላካሉ። ወንዶቹ ድሮ 19 ዓመት መሙላት ነበረባቸው፣ ከ2012 ወዲህ ግን በ18 መሄድ ይችላሉ። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያገለግሉት ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። ቦታውን የሚመርጡት ራሳቸው አይደሉም። ማመልከቻ ይገባል፣ ምርመራ ይደረጋል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። አንድ ቀን «እዚህ አገር ተመድበሃል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። አዲስ ቋንቋ የሚያስፈልገው ለጥቂት ሳምንታት ይማርና ይሄዳል።

«የት እንደሚልኩት ሳያውቅ ነው እሺ ያለው?» አሉ እናትየው። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። እኛስ ፎርሙን ስንሞላ አውቀን ነበር እንዴ?

እኔ እነዚህን ልጆች ያየኋቸው ናይሮቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕክምና ሪፈር ተጽፎልኝ ሄጄ ማታቱ ስጠብቅ፣ ሁለት ወጣቶች አጠገቤ ቆመው ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ጥቁር ባጅ። አንዱ አሜሪካዊ፣ አንዱ ኡጋንዳዊ። የአሜሪካዊው ጫማ ሶሉ አልቆ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ኪስዋሂሊው ግን ከእኔ ይሻል ነበር፤ እኔ ስንት ዓመት ኬንያ ኖሬ! «ትናንት ቀኑን ሙሉ ስንዞር አንድ ሽማግሌ ብቻ አስገቡን፣ እሳቸውም ሬዲዮ እንድንጠግንላቸው ነው» ብሎ ሳቀ።

ወደ አገርህ መቼ ነው የምትመለሰው አልኩት። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ነገረኝ። ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። «አንተስ?» አለኝ። ሪፈሩ ሲያልቅ ወደ ካምፕ እመለሳለሁ አልኩት። የጠየቀኝ ግን ስለ ካምፕ እንዳልነበር ሁለታችንም ገብቶናል። ማታቱው መጣና ተለያየን።

ኑሯቸው በሰዓት የተለካ ነው። ከጠዋቱ 12፡30 መነሳት፣ ከምሽቱ 4፡30 መተኛት፤ እንደ አገሩ ትንሽ ሊሸጋሸግ ይችላል። ጠዋት ስፖርት፣ ጸሎት፣ ጥናት፤ ከዚያ ውጭ ነው። በር ማንኳኳት፣ ማስተማር፣ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ካለ ማገዝ። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ ብቻውን የሚዞር የለም። የሚኖርበትን ጓደኛም እሱ አይመርጥም። በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር ሊኖር ስለሚችል ገና ሲላመዱ ሌላ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሴት ጓደኛ መያዝ የለም። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ይታጠባል፣ ገበያ ይኬዳል፣ ፀጉር ይቆረጣል።

ጾም አላቸው ወይ አሉኝ እናትየው። አላቸው፣ በወር አንድ እሑድ ሁለት ማዕድ ያህል ሳይበሉ ሳይጠጡ ይውላሉ፣ የምግቡን ዋጋም ለችግረኛ ይሰጣሉ አልኳቸው። «በወር አንድ ቀን?» ብለው ዝም አሉ። ሑዳዴን፣ ፍልሰታንና ነቢያትን ለሚጾም ሰው ምን ይባላል! የባሰው ግን ሌላ ነው። መጠጥና ሲጋራ ክልክል መሆኑን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው «ተመስገን» አሉ፤ ቡናም ሻይም ክልክል ነው ስላቸው ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«ቡና? እኔ ባፈላለትም?»

እርስዎም ቢያፈሉለት። ይህን ወጣቱ በየሄደበት ቤት ማስረዳት አለበት፤ ቡና የክብር ሁሉ መጀመሪያ በሆነበት ቤት ቀላል አይደለም። አጠገብዎ ይቀመጣል፣ ፈንዲሻውን ይበላል፣ ስኒውን ግን አያነሳም። «እጣኑን ይሽተት እንግዲህ» አሉኝ።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ልጁ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ይልክ ነበር። ራሽኑ እየቀነሰ በሄደበት በዚህ ዘመን ያቺ ገንዘብ ለሽሮና ለዘይት፣ ለታናሽ እህቱም ደብተር ነበረች። ሚስዮናዊ ደሞዝ የለውም፤ ሥራ ተቀጥሮም መሥራት አይችልም። እንዲያውም የሚከፍለው እሱ ነው። ከአሜሪካ የሚሄድ ወጣት በራሱ ወይም በቤተሰቡ በኩል ከ2020 ጀምሮ በወር 500 ዶላር ያዋጣል፤ ከዚያ በፊት 400 ነበር። ውድ አገርም ይመደብ ርካሽ ክፍያው ያው ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ቋት ገብቶ ለእያንዳንዱ እንደ አገሩ ኑሮ ይከፋፈላል። አቅም ያነሰውን ሌሎች አባላት ይደግፉታል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት አይጠብቁ አልኳቸው። ማባበል ይቻል ነበር፤ ግን ቆይቶ ከሚመጣ ጭንቀት ዛሬ የተነገረ ይሻላል ብዬ ነው። ልጁም ይህን ለእናቱ በግልጽ ሊነግራቸው ይገባ ነበር፤ «አትጨነቂ» ብቻ አይበቃም።

ሌላው ወረቀት ነው፤ ይህ ውጭ ልጅ ላላችሁ ሁሉ ይጠቅማል። በስደተኛነት አሜሪካ የገባ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ገና ዜጋ አይደለም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከአገሪቱ ውጭ የሚቆይ ከሆነ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ ማመልከቻውን ደግሞ ማስገባት ያለበት አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዜግነት ለመጠየቅ የሚቆጠሩት አምስት ዓመታትም እንዲህ ባለ ረጅም ቆይታ ሊቋረጡ ይችላሉ። ምናልባት እዚያው አሜሪካ ውስጥ ይመደብ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ላያስፈልግም ይችላል። ቢሆንም ሻንጣ ሳይዘጋ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ።

«አደጋ የለውም?» አሉ። እንደ ማንኛውም መንገደኛ አልኳቸው። በመጋቢት 2016 ብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ሲፈነዳ ከቆሰሉት መካከል የዚች ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ነበሩ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ይህን ስነግራቸው ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ችግር ሲመጣ ወደ ቤቱ የሚመልሰው አለ ማለት ነው።

ስልክስ? ድሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ለገናና ለእናቶች ቀን። ከየካቲት 2019 ጀምሮ ግን በየሳምንቱ በዚያች በዕረፍቷ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ፣ ለቤተሰብ መደወል ተፈቅዷል። እዚህ ኔትወርኩ ከፈቀደ ማለቴ ነው። «ሰኞ ሰኞ እንግዲህ ስልኬን ቻርጅ አስደርጋለሁ» አሉ።

ልሸኛቸው ስነሳ ስለ ባጁ ነገርኳቸው። በራሱ ስም አይጠሩትም፤ ወንዱን ሚስዮናዊ «ኤልደር» ብለው የቤተሰቡን ስም ያስከትላሉ። ቃሉ «ሽማግሌ» እንደማለት ነው። «በ19 ዓመቱ ሽማግሌ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። በልጁ ወረቀት ላይ የመጨረሻው ስም የአባቱ ነው። አባትየው መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ስሙ ብዙም አይነሳም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት?»

አዎ አልኳቸው።

ቆም ብለው አሰቡ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና መልእክት ቀዱ። ስለ ገንዘቡ ምንም አላነሱም። ስለ ጠበቃው ነገሩት፤ ቀጥለው «ባጁን የሚሠሩትን ሰዎች ንገራቸው፤ ያባትህን ስም አጣርተው ይጻፉት። እዚህ ሲመዘግቡን አንድ ፊደል ጎድሎ ነው የተጻፈው» አሉት።