ልጆቹን ለማን ጥለሽ ነው?

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ጃስሚን ፓሪስ የተባለች ብሪታንያዊት የእንስሳት ሐኪም በውድድር ላይ የፔናይንን ተራራማ መንገድ ከእንግሊዝ ተነስታ እስከ ስኮትላንድ ድንበር ሮጠችው። 431 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ካለው መንገድ ይረዝማል። ወሩ የብርዳቸው ወር ስለሆነ ቀኑ የሚበራው ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በግንባር ባትሪ ብርሃን የሚሮጥ ጨለማ ነው። በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨረሰች። ከወንድ ከሴት አንደኛ ወጣች፤ በወንድ ተይዞ የነበረውን የውድድሩን ክብረ ወሰንም በ12 ሰዓት አሻሻለችው። ቤት የተወቻት ልጇ 14 ወሯ ነበር፤ ጡት ገና አልተወችም። ጡት ካልታለበ ያብጣል፣ ያተኩሳል። ስለዚህ እናቲቱ በየማረፊያ ጣቢያው ስትደርስ ትበላለች፣ ጥቂት ታሸልባለች፣ ወተቷን ታልባለች፣ ከዚያ ተነስታ ትሮጣለች።

ዜናው ዓለምን የዞረው በወተቱ ምክንያት ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ሕፃኗ ነው። እናት ዳገት ላይ ሳለች ሌሊት የምትነቃውን ልጅ አቅፎ የሚያባብል ሰው ነበር። የዚያ ሰው ሰዓት በውጤት ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

ልጅ እያለው 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚዘጋጅን ሰው ብዙዎች «ጊዜውን ከየት ታገኛለህ?» ይሉታል። ጊዜ ግን አይገኝም። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ የታክሲ ሰልፉም ያው ሰልፍ። አንድ ወላጅ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰዓት ሙሉ እንጦጦ ላይ ካሳለፈ፣ ሌላ ሰው ያንን አምስት ሰዓት ቁርስ ሲያበላ፣ ሽንት ጨርቅ ሲቀይር፣ የተጣሉትን ሲያስታርቅ ቆይቷል። ጊዜው የተሰጠ ነው፤ የሰጠውም ሰው ስም አለው።

ለእኔ፣ ሴት በመሆኔ፣ ጥያቄው የሚደርሰኝ በሌላ መልኩ ነው። ጎረቤታችን እማማ ጫማዬን አስሬ ስወርድ ካገኙኝ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ልጆቹን ለማን ጥለሽ ነው?»

«ለአባታቸው፣ እማማ።»

«ወንድ ልጅ ሕፃን መያዝ ያውቃል ብለሽ ነው?»

«ያውቅበታል። ከተወለዱ ጀምሮ ገላቸውን እሱ እያጠባቸው አይደል ያደጉት!»

እማማ በክፋት አይጠይቁኝም፤ ከራሳቸው ሕይወት ተነስተው ነው። እሳቸው ለማንም ጥለው የመውጣት ዕድል አልነበራቸውም። ነገር ግን ከእኔ ጋር ዳገቱን ከሚወጡት አባቶች አንዱም እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ጠይቄያቸዋለሁ። ለእነሱ ያለው «በርታ» ነው።

ልምምዱ ራሱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ለተራራ አልትራ ማራቶን፣ ማለትም ከማራቶን ለሚረዝም ሩጫ፣ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ሳይቆራረጥ ማውራት በሚችልበት ፍጥነት ነው። ዳገቱ ሲበረታ ሩጫውን ትቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አስደግፎ በእርምጃ ይወጣል፤ የዓለም ምርጦችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጭን የሚደቅቀው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ቁልቁለት ያልተለማመደ ሰው ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ጎን እየተራመደ ይወርዳል። ሆድም መለማመድ አለበት፤ እየሮጡ መብላት በአንድ ቀን አይለመድም። በዚህ በኩል ጓዳችን ከማንም አያንስም፦ ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች፣ ቴምር፣ በማር የታሸ በሶ። ቆሎ እወዳለሁ፤ በደረቀ አፍ ግን አይዋጥም።

ወላጅን የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ረጅሙ ሩጫ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው ሊቆራረስ ይችላል። አሜሪካዊው ጆን ኬሊ የልጆች አባት ነው፤ በቴነሲ ጫካ ውስጥ የሚካሄደውን፣ ምልክት የሌለውን፣ አምስት ዙር በ60 ሰዓት ውስጥ መጨረስ የሚጠይቀውን ባርክሌይ የተባለ ውድድር ሦስት ጊዜ ጨርሷል። ዋሽንግተን ይሠራ በነበረበት ጊዜ ቢሮ የሚሄደው እየሮጠ ነበር። በመጓጓዣ ያልቅ የነበረውን ሰዓት ለልምምድ አዋለው፤ ከቤተሰቡ ሌላ ሰዓት መጠየቅ አላስፈለገውም። በአዲስ አበባ ጭስና ትርምስ መሐል ይህ ለሁሉም አይሆንም። ለእኔ የሆነልኝ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ነው። ልጆቹ ሲተኙ፣ አባታቸው ቤት እያለ፣ ውሃ የሞሉ ሃይላንዶች በቦርሳ ተሸክሜ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ እመላለሳለሁ። ትንሹን አዝዬ ዳገት መውጣትም ልምምድ ነው፤ እሱ ይተኛል፣ እኔ ጭኔን አጠነክራለሁ። ገና ሳይነጋ ግን ጫካ ብቻዬን አልገባም፤ ጅብም ሰውም አለ።

በእንቅልፍ ጉዳይ አልደራደርም። የታመመ ልጅ ታቅፎ ሌሊቱን ያነጋ ሰው 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ዳገት ሲወጣ እንደ ጀግና ይወራለታል። እኔ ጀግንነቱ አይታየኝም። ሰውነት የሚጠነክረው ከሩጫው በኋላ ሲያርፍ ነው፤ ዕረፍት ያላገኘ ልምምድ ጉዳት ብቻ ነው የሚተርፈው። ታላላቅ ሯጮቻችንን ምሳሌ የምናደርግ ወላጆች ይህን ብናስተውል እወዳለሁ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በቀጣዩ ዓመት ከሪዮ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። አልማዝ አያና ከወሊድ በኋላ፣ በ2022 አምስተርዳም ላይ፣ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2፡17፡20 ሮጠች። ክብር ይገባቸዋል። ለእነሱ ግን ሩጫ ሙያ ነው፤ ከልምምድ መልስ መተኛትም የሥራቸው አካል ነው። ከልምምድ መልስ ቢሮ የሚገባ ሰው የእነሱን ፕሮግራም እንዳለ ቢወስድ ይጎዳል።

እንጦጦ ላይ ስሮጥ ሁልጊዜ የማስባቸው እናቶች አሉ፤ ከባሕር ዛፉ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከባድ ሸክም ጀርባቸው ላይ ጭነው፣ አጎንብሰው ወደ ከተማው ሲወርዱ የኖሩት። እኔ ወድጄ የምወጣውን ዳገት እነሱ ለዕለት ጉርስ ወጥተውታል። እነዚህን ሴቶች የአልትራ ሯጮች ፈር ቀዳጅ ብሎ ማሞካሸት ይቀላል፤ እኔ አልለውም። እኔ ሲደክመኝ መተው እችላለሁ፤ እነሱ አይችሉም። ግን ልብ ያልኩት ነገር አለ። እናት ለእንጨት ብላ ቀኑን ሙሉ ከቤት ስትርቅ «ልጆቹን ለማን ጥለሽ ነው?» የሚላት እምብዛም የለም። ለጓዳው እስከሆነ ድረስ መራቋ አይታይም። የሚታየው ለራሷ የወጣች ዕለት ነው።

ይህ እይታ የውድድር ደንብ ውስጥም ገብቶ ኖሯል። ሶፊ ፓወር የተባለች ሯጭ በ2018 በሞንብላን ተራራ ዙሪያ የሚሮጠውን 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድር ስትሮጥ ልጇ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ኩርማየር የተባለችው የጣሊያን ከተማ ስትደርስ ሕፃኑን አመጡላት፤ ቁጭ ብላ ስታጠባው የተነሳው ፎቶ ዓለምን ዞረ። ከጎኗ አንድ ወንድ ሯጭ ተዘርግቶ ያርፋል። ፎቶውን ብዙዎች የብርታት ምስል አድርገው ተቀበሉት። እሷ ግን የተናገረችው ስለ ደንቡ ነበር። ከዓመታት በፊት ነፍሰ ጡር ሳለች እዚያው ውድድር ላይ ያገኘችውን ቦታ አጥታለች፤ ለተጎዳ ሯጭ ቦታውን የሚያቆይ ውድድር ለነፍሰ ጡር አያቆይም ነበር። ዳግም እንዳታጣው በወለደች በሦስተኛ ወሯ ሮጠች። በኋላ ደንቡ ተለወጠ። እዚህ አገር የተራራ ሩጫ የሚያዘጋጁ ሁሉ ለነፍሰ ጡር ቦታዋን ማቆየትን ከመጀመሪያው ቀን መመዝገቢያ ቅጻቸው ላይ ቢያሰፍሩት የሚያስከፍላቸው ነገር የለም። አንድ መስመር ነው። ለምታጠባ እናት የሚሆን አንድ የተከለለ ድንኳንም ብዙ አይደለም።

ጃስሚን ፓሪስ በ2024 ባርክሌይን ጨረሰች፤ ይህን በማድረግ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ያኔ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። 60 ሰዓቱ ሊሞላ 99 ሰከንድ ሲቀረው መድረሻው በር ላይ ወደቀች። በዚያ ውድድር ላይ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ሦስት ዓመት የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻውን አይሸከመውም፤ ባለቤቷም ራሱ የተራራ ሯጭ ነው።

በእኛ ቤት ስምምነቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ቤት መሆን አለብኝ። ስመለስ ገላዬን ታጥቤ ልጆቹን እረከባለሁ። ብዙ ሯጮች የማይቆጥሩት ይህን ነው፤ ከቤት የወጡበት አምስት ሰዓት ብቻ አይደለም የተወሰደው፣ ከተመለሱ በኋላ ሶፋ ላይ ተዘርረው የሚውሉበት ከሰዓትም የሌላው ሰው ነው። እሁድ ከሰዓት የባለቤቴ ነው፤ ምን እንደሚያደርግበት አልጠይቀውም። በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብለን ሚዛኑ ወደ ማን እንዳጋደለ እናያለን። በዚህ ወር ያጋደለው ወደ እኔ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ የለም፤ እሱ ከወንድሞቹ ጋር ቢሾፍቱ ሄዶ ያድራል፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ።