«ኤሊየን 3»ን ያላግባብ ኮንነናል

አንድ ጊዜ አይቶ ለዘላለም የሚፈርድ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። እኛም ከነዚሁ ነበርን። «ኤሊየን 3» በተነሣ ቁጥር «እሱማ ተዉት!» ብለን ወሬውን ስንዘጋ ኖረናል። ሰሞኑን ግን አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን ፊልሙን እንደገና አየነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አፋችንን ሞልተን መኮነን አቅቶናል። ይህን የምንጽፈው ስሕተታችንን ለማረምና ዛሬም በዚያው አቋም ከጸኑት ጓደኞቻችን ጋር ለመከራከር ነው።

ክሱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ካመሮን ባዘጋጀው ሁለተኛው ክፍል ሪፕሊ ከአውሬው ጎሬ ገብታ ኒውት የምትባለውን ትንሽ ልጅ ታወጣለች። ልጅቷና ወታደሩ ሂክስ ከሪፕሊ ጋር ተርፈው ይተኛሉ፤ ተመልካቹም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። በ1992 የወጣው የዴቪድ ፊንቸር ሦስተኛ ክፍል ግን ገና ሲጀምር በጉዞ ላይ እሳት ይነሣል፤ ማምለጫዋ መንኮራኩር ትከሰከሳለች፤ ልጅቷም ሂክስም ይሞታሉ። «ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር? ተከዳን!» ይላሉ ከሳሾቹ።

እውን ተከድተናል? ፊልሙ ልጅቷን እንደ ዝንብ ረግጦ አላለፈም። ሪፕሊ ሬሳዋ አጠገብ ትቆማለች። እስረኞቹ ይሰበሰባሉ፣ ዲሎን የተባለው መሪያቸው የስንብት ቃል ይናገራል፣ ሁለቱም ሬሳዎች ወደ እቶኑ ይወርዳሉ። በስንት የጠፈር ፊልም ነው ለሟች እንዲህ የተለቀሰው? ብዙውን ጊዜ ሰው ይወድቃል፣ ተኩሱ ይቀጥላል፣ እኛም ስሙን ሳንይዝ እንወጣለን። ሞት ቀጠሮ እንደሌለው ማንም ያውቃል፤ ፊልም ይህንኑ ሲነግረን ግን እንደ ስድብ ቆጠርነው።

ቦታውንም እንይ። ፊዮሪና 161 የእርሳስ ማቅለጫ ያለበት የወህኒ ዓለም ነው። እስረኞቹ ነፍሰ ገዳዮችና ሴት ደፋሪዎች ናቸው። ፊልሙ ይህን አይሸፍንላቸውም፤ ራሷን ሪፕሊን ሊደፍሯት የተነሡ አሉ። ጠመንጃ የሚባል ነገር የላቸውም። በሁለተኛው ክፍል በዚያ ሁሉ መሣሪያ የተደረገውን እነዚህ የተጣሉ ሰዎች በእግራቸውና በማቅለጫው በሮች ብቻ ይሞክሩታል፤ ራሳቸውን ማጥመጃ አድርገው በጨለማው መተላለፊያ ይሮጣሉ። ዲሎን ራሱ አውሬውን ይዞ የቀለጠው እርሳስ በሚፈስበት ቦታ ይቀራል። ጀግንነት ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወዳፈርንበት ቦታ እንምጣ። ሪፕሊ በደረቷ ውስጥ የአውሬውን ንግሥት ተሸክማለች። ኩባንያው ያቺን ፍጥረት ለጦር መሣሪያነት ይመኛታል። መጨረሻ ላይ ሪፕሊ የምታውቀው የቢሾፕ መልክ ያለው መልእክተኛ እቶኑ አፋፍ ድረስ መጥቶ ይለማመጣታል፦ እናወጣልሻለን፣ ትኖሪያለሽ፣ ልጅም ትወልጃለሽ ይላታል። ልብ በሉ ጎበዝ! እኛ ከፊልሙ የጠየቅነውም ይህንኑ ነበር። ልጅቷን መልሱልን፣ ቤተሰቡን አሟሉልን፣ አጽናንታችሁ ስደዱን ስንል ከኩባንያው ሰው ጋር በአንድ ወገን ቆመን ነበር። ሪፕሊ ግን የዚህ ማጽናኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ ስለገባት ወደ እሳቱ ትወድቃለች።

ጉድለቱን አንደብቅም። ሁሉም ራሱን የተላጨ ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ ይምታታል። ማሳደዱ ግራ ያጋባል፤ አውሬው ሲሮጥ አንዳንዴ በሥዕሉ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ጽሑፉ ሳያልቅ ነው ቀረጻ የተጀመረው። ፊንቸርም በ29 ዓመቱ በሠራው በዚህ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙ ከስቱዲዮው ጋር ሲታገል ከርሞ በኋላ «የኔ አይደለም» ብሎታል። እኛ አሁን ያየነው በ2003 የወጣውን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚረዝመውን ቅጂ ነው። እስረኞቹ አውሬውን አንዴ አጥምደው እንደዘጉበት፣ ጎሊክ የሚባለው እስረኛም መልሶ እንደለቀቀው የሚያሳየው ይህ ቅጂ ነው፤ አጭሩ ይህን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ጎሊክን መንገድ ላይ ያጠፋዋል። «እንግዲያው ሐሳባችሁን የለወጠው ርዝመቱ ነው» የሚለን ይኖራል። የለም! ልጅቷ በሁለቱም ትሞታለች። የተለወጠው የእኛ ዓይን ነው።

«አልወደድኩትም» ማለት የማንም መብት ነው። «ተከዳሁ» የሚል ግን ማስረጃ ያምጣ። ከማምጣቱ በፊት ደግሞ አንዴ ቁጭ ብሎ ፊልሙን ከነቀብሩ ይየው።