የእስቴን ባህር ዛፍ ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው?

ደን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የባሌን ወይም የከፋን ጫካ ነው። በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ፣ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ግን በገበሬው እጅ ያለው ደን ባህር ዛፍ ነው። አገር በቀሉ ዛፍ በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ለዚህም ጠባቂዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ባህር ዛፍ የገበሬው ባንክ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም፣ ሠርግ ሲደርስ ይሸጣል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ስለ ባህር ዛፍ ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ ውኃና አፈር ላይ ነው። ምንጭ ዳር ለተተከለው ዛፍ ክርክሩ ተገቢ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ብዙም የማይወራለትን ግብይቱን ነው።

በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ይከፍላል። የተከለ ሰው ባለቤት መሆኑ በሕግ መጻፉ ለሙስሊሙ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በጎንደር ምድር የነበሩ ሙስሊሞች በአብዛኛው ርስት ስላልነበራቸው ኑሯቸው ሽመናና ንግድ ነበር። መሬት የሌለው ሰው ደግሞ ለልጁ የሚተርፍ ዛፍ አይተክልም።

ችግሩ ሕጉ ዛፉን እንጂ ገበያውን አለማየቱ ነው። የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤትም አልረጋም፤ በ2005 ሚኒስቴር ሆኖ ተቋቋመ፣ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ደግሞ የደኑና የአካባቢ ጥበቃው ሥራ ለየብቻ ተከፈለ። በዚህ መሃል ገበሬው ዛፉን የሚሸጠው እንደ ድሮው በቁሙ ነው። ደላላው ይመጣል፣ በዓይኑ ይገምታል፣ ስንት አጣና፣ ስንት ማገር፣ ስንት ቋሚ እንደሚወጣው በልቡ ያሰላል፤ የባህር ዳርንና የአዲስ አበባን ዋጋ ያውቃል። ገበሬው የሚያውቀው የችግሩን መጠን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የይለፍ ወረቀት፣ የኬላ ወጪና የጭነት ኪራይ ሁሉ ተጠራቅሞ ተመልሶ የሚቀነሰው ከእሱ ዋጋ ላይ ነው።

የአማራ ክልል አጣና በመተማ በኩል ሱዳን ይሻገር ነበር። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ በራሱ ግጭት ተነስቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ይጠብቃል፤ ልጁ የታመመበት ገበሬ ግን መጠበቅ አይችልም። ዓለም ስለ ደን ንግድ ሲነጋገር በ2015 የጸደቀውን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያነሳል። ለቡናችን ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለእስቴ አጣና ግን ከብራስልስ ይልቅ የመተማ ኬላ ይቀርባል።

ሸሪዓችን ለዚህ ዓይነቱ ግብይት እንግዳ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን ከልክለዋል። ዑለሞች ይህን ተለቂ አር-ሩክባን ይሉታል፤ ምክንያቱም ሻጩ የገበያውን ዋጋ አያውቅም። በርካታ ዑለሞችም ሻጩ ገበያ ደርሶ መታለሉን ካወቀ ሽያጩን የማፍረስ መብት ሰጥተውታል። ማሳ ድረስ ሄዶ በቁሙ የሚገዛ ደላላ ከዚህ ጋር በሁሉም ነገር አንድ ነው አንልም። ዋጋውን ደብቆ የሻጩን አለማወቅ ትርፍ ያደረገ ግን የክልከላውን ምክንያት ተሻግሯል። ይህን የምንለው በቅድሚያ ለራሳችን ነጋዴዎች ነው፤ ከእኛ ወገን በገዢነት የቆመው ቀላል አይደለምና።

አዋጁ የማኅበር ደን ማለቱ እስካሁን ብዙም ያልተነካ በር ነው። አምስት ስድስት ጎረቤታሞች፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ዛፋቸውን አብረው ቆጥረው ከሁለት ሦስት ገዢ ዋጋ ቢጠይቁ ደላላው እንደ በፊቱ በዓይኑ ገምቶ አይሄድም። በየመስጂዱ ያሉ ኮሚቴዎችም አርብ ከሰላት በኋላ የሳምንቱን የአጣና ዋጋ ከባህር ዳር በስልክ ጠይቀው ለጀመዓው ቢናገሩ ወጪው የአንድ ስልክ ጥሪ ነው። ጎረቤት ክርስቲያኑም ከጀመዓው ሰምቶ ይጠቀምበታል። ዘላቂ ገቢ የሌለው መድረሳ ደግሞ ለእርሻ የማይሆን ተዳፋት ቢያገኝ፣ ከምንጭ ርቆ የተተከለ ባህር ዛፍ ወቅፍ ሊሆንለት ይችላል፤ ለዚህ ግን መሬቱ በመጅሊሱ ወይም በመስጂዱ ስም የይዞታ ማረጋገጫ እንዲኖረው ዛሬውኑ ወረዳው ዘንድ መጠየቅ ያስፈልጋል።